እስክስታ የተከለከለች ካራቫን

ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ ያለ፣ ካራቫን ለሚባለው በመኪና የሚጎተት ቤት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ፍፁም ሁለት መጎተቻ ፊቱ ቀርቦለት ነበር። አንዱ መጎተት እንጂ ሌላ አያውቅም። ሌላኛው ክብደቱን ለመኪናው ጎማዎች ሁሉ ያካፍላል፣ ካራቫኗንም እንዳትወዛወዝ ጨምድዶ ይይዛል። አምና ካራቫን ተወዛውዛ ወንድሙን ገድላበታለች፤ አሁን አብራው የመጣችው የወንድሙ ሚስት ራኬብ ልጇን ይዛ ዳግም መንገድ የምትወጣው ይሄ ብረት ካሳመናት ብቻ ነው።

"ነቅንቂው እስቲ!" አላት፣ ለማሳያ የተገጠመውን ሁለተኛውን መጎተቻ እያሳያት። በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ወይ ፍንክች! ፍፁም ሆዬ ቀልድ ጣል ካላደረገ አይሆንለትም፣ "በቃ፣ ካራቫኗ እስክስታ ተከለከለች!" ብሎ ሳቀ።

ራኬብ ክው አለች። "ማን ነገረህ?"

"ምኑን?"

"ወንድምህም ያን ቀን በመስታወት ወደ ኋላ አይቶ፣ 'ራኪዬ፣ ካራቫኗ እስክስታ ወረደች!' ብሎ ሳቀ። ልክ እንዳንተ። ሳቁን እንኳን አልጨረሰም።"

ፍፁም አፉን በእጁ ያዘ። ሻጩ መጥቶ የቱን እንደመረጡ ጠየቃቸው።

"ይሄን" አለች ራኬብ፣ መጎተቻውን ሳትለቅ። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። የሚንቀጠቀጠው የሷ ትከሻ ነበር።