ሰሞነኛው ደም አይሰጥም

“ዶክተር፣ ሰሞነኛ ቀዳሽ ነኝ... ደሜ ከፈሰሰ ቤተ መቅደስ አልገባም።”

ይህን ያሉት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ።

እየጎተትሁ የወሰድኋቸው እኔ የደብሩ መምህር ነኝ፤ በአንድ ደብር አብረን እናገለግላለን።

የስኳር በሽታ ካደረባቸው ቆይቷል። ዶክተር ሰገነት በትዕግሥት አስረዳቻቸው... ስኳር የልብን ጡንቻ ሳያሳምም ያደክማል። የተጨነቀ ልብ ግን ወደ ደም የሚለቀው ምልክት አለ፤ ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ ቢመረመር ሳይብስ ይደረስበታል።

“ሰሞኔ ሲያልቅ” አሉ።

አለቀ... የታመመ ካህን ሰሞን ተቀበሉ።

እርሱም አለቀ... ሐዘን የደረሰበትን ካህን ሰሞን ደረቡ።

ኧረ ስለ ፈጣሪ፣ በደብሩ ሌላ ካህን ጠፍቶ ነውን?

በመጨረሻ “ደሜን ሰጠሁ” አሉኝ። ተመስገን አልሁ።

ውጤቱ መጣ... ምልክቱ ከፍ ብሏል።

ሐኪሟ ደንግጣ ልባቸውን በአልትራሳውንድ አየች። ደኅና ነው። ደግማ አየች... ደኅና ነው።

“አባ፣ ደሙና ልቡ አልተስማሙልኝም።”

ቄሱ አቀረቀሩ...

“ደሙ የእንዳላማው ነው።”

እንዳላማው ሮብ ገበያ የሚኖር ገበሬ፣ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ‘የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ደማችን አንድ ነው’ ብለው፣ ሐኪሟ በሌለችበት ቀን በስማቸው ደም አስቀድተውታል።

ሰው ስለ ሰው ይጸልያል፤ ስለ ሰው ይመረመራልን?

እንዳላማው ተጠራ። ስኳሩ ሲለካ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ... አያውቅም ነበር። ልቡም መድከም ጀምሯል። ሐኪሟ አሁን መድኃኒት ከጀመረና ደሙ በየጊዜው ከታየ ይደረስለታል አለች።

እርሱ ግን በትሩን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

“ምኔንም አያመኝም፣ አባ። እርስዎ የሸሹትን መርፌ እኔን አያስወጉኝ።”

ቄሱ “ተው፣ ታከም” ብለው ለመኑት። የክህነታቸው ቃል ለገዛ ወንድማቸው አልሠራም።

እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን ለሐኪሟ ዘረጉ። ወደ እኔም ዞረው፦

“የኔታ፣ ለነገው ቅዳሴ ሌላ ካህን ይፈልጉ” አሉኝ።

መርፌው ሲገባ እንዳላማው ቆሞ አየ... በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከጎናቸው ተቀመጠ።

ዛሬ ሁለቱም ይታከማሉ።

ወገኖቼ... በማግሥቱ ቅዳሴው አልታጎለም። ካህን ይተካል፤ የደከመ ልብ ግን ተተኪ የለውም። ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ስኳር ያለባችሁ፣ እስኪያማችሁ አትጠብቁ።

እስቲ ንገሩኝ... በቤታችሁ ምርመራ የሚሸሸው ሰው ምን ይላል? ስሙን ትታችሁ ሰበቡን ጻፉልን።