ቀዩ ጨርቅ

እንደ አሞራ አየር ላይ የክንፉን ቅርፅ የሚቀያይር አውሮፕላን ነው። ኢንጂነሯ ነዳጅ ይቆጥባል ብላ ልትሠራው ስትነሳ ስንቱ ስቆባት ነበር፤ ዛሬ ግን ከካፒቴን ደምመላሽ ኋላ ተቀምጣ፣ የሠራችውን ክንፍ በመስኮት እያየች ከደመናው በላይ ነች።

የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ላይ እያለ ሁለቱም ክንፎች ቀይ ጨርቅ በተንጠለጠለበት ብረት ይቆለፋሉ። ከመነሳቱ በፊት አንዱ ብረት ሳይወጣ ከተረሳ፣ ያኛው ክንፍ ሲታጠፍ ይኼኛው ደርቆ ይቀርና አውሮፕላኑ ይገለበጣል።

"ኢንጂነር፣ ቀኝ ክንፍ ሥር የሚውለበለበው ቀይ ነገር ምንድነው?" አሏት ካፒቴኑ።

ክው ብላ አንገቷን አሰገገች። እውነትም ይውለበለባል። ወዲያው ግን እፎይ ብላ ሳቀች። ጠዋት በምረቃው ላይ ከአንዱ ክንፍ እስከ ሌላው ቀይ ሪባን ተወጥሮ፣ የክብር እንግዳው በመቀስ ቆርጠውት ነበር።

"የምረቃው ሪባን ነው ካፒቴን። ልጆቹ ሳይፈቱት ረስተውት ነው። ክንፎቹን ማጠፍ ይጀምሩ፣ ግድ የለም።"

"በስመአብ ብዬ ጀመርኩ!" አሉና የክንፎቹን ማጠፊያ ቁልፍ ተጫኑት።

ላቧን ልትጠርግ፣ መሐረብ ፍለጋ እጇን ኪሷ ከተተች። የወጣው ግን መሐረብ አልነበረም። በጭብጨባው መሃል አንዱ አስተባባሪ ጠቅልሎ "ለማስታወሻ" ብሎ ያስጨበጣት፣ እሷም ሳታየው ኪሷ የወሸቀችው ነገር ነው። ቀይ ሪባን፤ ሁለቱም ቁራጭ።

በግራ በኩል ክንፉ ቀስ ብሎ መታጠፍ ጀመረ።