ማንም ያልተቆጣበት ፊልም

ይህ ሰውዬ ፊልሙ ላይ ምን ቀባጥሮ ይሆን? ባለቤቴ በባለሥልጣናት ሲያሾፍ ነው ያረጀው። ባሾፈ ቁጥር ይታሰራል፤ እኔም ስንቅ ሳመላልስ አረጀሁ። ስለ እሱ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ዛሬ በቴሌቪዥን ይታያል ሲሉኝ፣ እንደ ልማዴ ጋቢና ሳሙና በፌስታል አድርጌ በር ሥር አስቀመጥኩ።

"ቀበቶ ምን ያደርግልሃል? ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ያስፈቱሃል" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ፊልሙን ልይበት" አለኝ። ከረባትም አስሯል።

ፊልሙ በዋሽንት ጀመረ። "ሞቻለሁ እንዴ?" አለ ባለቤቴ። ሲቀጥል በልጅነቱ ታዛዥ እንደነበር ተተረከ። ከቀልዶቹ አንዲት እንኳ ፊልሙ ውስጥ አልገባችም። ድንገት ያ "የተሾመ በሬ" እያለ የተሳለቀበት ሚኒስትር ብቅ አለ። "እመቤቴ ድረሺ!" አልኩ።

ሚኒስትሩ ግን ፈገግ አለ። "ቀልዳቸውን እንወደው ነበር። የመንግሥት ባለውለታ ናቸው።"

ቀጥሎ ባለቤቴን ያሳሰረው ሹም መጣ። "አንድም ቀን አስቀይመውን አያውቁም" አለ፤ እንባውንም ጠረገ።

"አባባ፣ ለካ እንዲህ ትወደዳለህ!" አለችው የልጅ ልጃችን ቤተልሔም፣ እያጨበጨበች።

እኔ እፎይ አልኩ። "ተመስገን! ከእንግዲህ ማንም አይመጣብህም። በል አርፈህ እራትህን ብላ።"

ቴሌቪዥኑን አየ፤ እኔን አየ። ቀስ ብሎ ተነሳና ከረባቱንና ቀበቶውን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ በር ሥር ያለውን ፌስታል አንስቶ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መንገድ ወጣ።