የምርመራ መርዶ

ሥርጉት የሱቋን በር ከውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን እንደጨበጠች ወደ ኋላ ሸሸች። ከመስታወቱ ማዶ፣ ፌርፋክስ መንገድ ዳር፣ ሦስት ሰዎች ከአንድ መኪና ይወርዳሉ። ጓደኛዋ ሰገነት፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ግርማቸው፣ ከኋላ ደግሞ እትዬ መሠረት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።

ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ጋሼ ግርማቸው በዚህ ሰዓት ከጋርዴና ተነሥተው የሚመጡት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። በሩን ካልከፈተች አልሰማችም። ካልሰማች ደግሞ በዚህ ሰዓት የመሸበት አገር ቤት፣ ደሴ ያለችው እናቷ አሁንም እራቷን እየበላች ነው።

ሰገነት መስታወቱን በቀለበቷ መታ መታ አደረገችው። "ሥርጉትዬ፣ ክፈቺ እንጂ።"

"ማን ነው? መጀመሪያ ማን እንደሆነ ንገሩኝ!"

"ቁጭ ብለሽ ነው የሚነገርሽ፣ ልጄ" አሉ ጋሼ ግርማቸው።

ቁጭ በይ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለች፤ እሷም በተራዋ ሄዳ ሰው አርድታለች። ከፈተች።

በስፌት ማሽኑና በተሰቀሉት የሰርግ ቀሚሶች መካከል አስቀመጧት። እትዬ መሠረት ትከሻዋን ያዙ። ሰገነትን እንባዋ ቀደማት።

"እናቴ ናት?"

"እናትሽ ደኅና ናት።"

"ወንድሜ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም!" አለች ሰገነት። "ያንቺ ሪዛልት ነው። የማኅፀን በር ምርመራ አድርገሽ የለ? ኢሜይል የለኝም ብለሽ የኔን ሰጠሻቸው። ትናንት መጣ። ኤችፒቪ የሚሉት ቫይረስ ፖዘቲቭ ይላል። ሶ፣ ጉግል አደረግኩት። ካንሰር ነው የሚለው። እንዴት አድርጌ በስልክ ልንገርሽ? እንዴት ብቻዬን?"

ሥርጉት ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ማንም አልሞተም። "አንቺ ሴትዮ! ለምርመራ ወረቀት ነው የዕድር ሰብሳቢ ያመጣሽብኝ? ድንኳኑስ የታለ?"

ጋሼ ግርማቸው ማኅፀን የሚለውን ቃል ከሰሙ ጀምሮ አንድ የቀሚስ ጥለት ላይ እንዳፈጠጡ ቀርተዋል። "እኔ እኮ ሰው የሞተ መስሎኝ ነው" አሉ የጥቁር ክራቫታቸውን ቋጠሮ እያላሉ። "በሉ ኦኬ፣ እኔ መኪናዋን ልጠብቅ። ቲኬት እንዳይጽፉባት።" ሹልክ ብለው ወጡ።

ሳቁ አብሯቸው ወጣ።

"ቁጥር አለው?" አለች ሥርጉት። "አንብቢልኝ።"

ሰገነት ስልኳን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋች። "አሥራ ስድስት ይላል። ደውለሽ አፖይንትመንት ያዢ ይላል፤ በመሣሪያ አጉልተው ሊያዩት።"

አሥራ ስድስት። ነርሷ በምርመራው ቀን በአስተርጓሚ ነግራታለች። ቫይረሱ ራሱ ካንሰር አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ያጠፋዋል። አንዳንዱ ዓይነት ግን፣ በተለይ አሥራ ስድስት፣ ካልተከታተሉት በዓመታት ውስጥ ወደዚያው ይወስዳል። ያን ቀን ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ዓመታት ማለት ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት። ያለፉትስ ይቆጠሩ እንደሆነ?

"ያንቺ ሊሆን አይችልም፤ ተሳስተው ነው" አሉ እትዬ መሠረት። "ይሄ የሚዞሩ ሴቶች በሽታ ነው ሲባል ነው የምሰማው። አንቺ ከባልሽ ከተመስገን በቀር ማንን ታውቂያለሽ?"

"ማዳም ኑሃም ከባሏ በቀር ማንንም አታውቅም ነበር።"

"ደግሞ እሷ ማናት?"

ሥርጉት ስለ ደማስቆ አታወራም። ስድስት ዓመት እዚያ ሰው ቤት ሠርታለች፤ አለቀ። ዛሬ ግን አፏ ቀደማት።

"አሠሪዬ ነበረች፤ ሶርያዊት። ሶላቷን የማታጓድል፣ ወንድ ቀና ብላ የማታይ። የወር አበባዋ ከቆመ ከስንት ዓመት በኋላ ደም ያያት ጀመር። ለባሏ አልተናገረችም። ለእህቶቿም። እኔ ግን አንሶላዋን የማጥበው እኔ ነኝ። በአላህ ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ፤ አልተናገርኩም።" እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "ሐኪም ቤት የሄደችው መቆም ሲያቅታት ነው። ከባሏ የመጣ ቫይረስ ነው፣ ስንት ዘመን ተኝቶ ቆይቶ ነው አላት ሐኪሙ። እህቶቿ ይህን እየሰሙ እንኳ አልተመረመሩም። ቢገኝብን ባሎቻችን ምን ይሉናል፣ ሰው ምን ይለናል ይሉ ነበር። እስክትሞት ስምንት ወር እኔው አገላበጥኳት፣ እኔው አጠብኳት።"

ሰገነት ማልቀሷን አቆመች። "ለዚህ ነው የተመረመርሽው?"

"አዎ። ያኔ ስለ እሷ ባልናገር፣ እኔ እንኳ ልመርመር ብዬ።"

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። "ሰገነት! መንገድ ጠራጊው መጣ፣ አንሺያት!" የጋሼ ግርማቸው ድምፅ ነው። ሰገነት ስልኩን ሥርጉት እጅ ላይ ጥላ እየሮጠች ወጣች።

ሁለት ሰዓት ሞልቷል። ሥርጉት የክሊኒኩን ቁጥር ነካች። አንዴ ስታ ዘጋችው፣ እንደገና ደወለች። የተቀዳ ድምፅ ይጠብቁ አላትና ሙዚቃ ለቀቀባት። ጠበቀች።

እትዬ መሠረት ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። በሩን ዞር ብለው አዩ።

"ያቺ ሴትዮ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ደሙ ብዙ ነበር? ወይስ ጠብታ ጠብታ?"

"መጀመሪያ ጠብታ ነበር።"

ሥርጉት ቀና ብላ ያየቻቸው ይህን ካለች በኋላ ነው። የሰባ ዓመት ሴት ናቸው። ከንፈራቸው ደርቋል።

"እትዬ" አለች፤ "እርስዎ ከመቼ ጀምሮ?"

ሙዚቃው ተቋረጠ። አንዲት ሴት ሃሎ አለች፤ ደግማ ሃሎ አለች። እትዬ መሠረት አንገታቸውን ደፍተው ወሮቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር። የቀኝ እጃቸው ጣቶች አለቁና ወደ ግራው ተሻገሩ።