የሌና መሻገሪያ
ኑርጉን በረዶ የሆነውን የሌናን ወንዝ በመኪና ሊሻገር ሲል፣ እንደ አገሩ ሹፌሮች ልማድ በረዶው ቢሰበር ዘሎ ለመውጣት የወንበሩን ቀበቶ ፈትቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ተሳፋሪ ከኋላ በእግሩ ይከተላልና ሚስቱን ቱያራን እንድትወርድ ነገራት።

«በረዶው ሳስቷል፤ ዛሬ ይቅርብን» አለችው።

«ያንቺን ክብደት ጭኜ ልስመጥልሽ? ውረጂ ባክሽ!» ብሎ ሳቀባት።

መሃል ላይ በረዶው ተሰነጠቀ። ከኋላው ጮኸች። የቆመ መኪና ይሰምጣልና ዞሮ እንኳ ሳያይ ነዳ።

ዳር ደርሶ ሲያቆም ቱያራ ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች። ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በዚያ ሁሉ ብርድ ውሃው በረዶ አይሆንም።

«ተረፍሽ!» አላት።

«ንዳ እንጂ» አለችው በሩን ዘግታ።

ያኔ ከወንዙ መሃል የቱያራ ድምፅ ተሰማ።

«ኑርጉን! የበረዶውን ጠርዝ ይዣለሁ! ቶሎ ድረስልኝ!»