ልቀቂ እስክትለኝ

ባሌን አፈር ካለበስኩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ስላለ፣ ታላቅ እህቴ የዮጋ አተነፋፈስ ልታስተምረኝ በጠዋት መጣች።

«የቀኝ አፍንጫሽን በአውራ ጣትሽ ድፈኚና በግራው ሳቢ። አሁን ሁለቱንም ዝጊና ያዢው። ልቀቂ እስክልሽ እንዳትለቂ!»

ያዝኩት። ስልኳ ጮኸ። እያወራች ወጣች፤ በዚያው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጣቶቼን አነሳሁ። ትንፋሼን ግን አልለቀቅኩም፤ ልቀቂ አላለችኝማ።

ወደ ልብስ ስፌት ቤቴ ሄድኩ። ደረቴ ጸጥ ብሏል። ስሠራ ስፒል በከንፈሬ ስለምይዝ ደንበኞቼ ወሬ አይጠብቁብኝም፤ ራሴን ስነቀንቅ ይበቃቸዋል። ሁለት ቀሚስ ጨረስኩ፣ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

አመሻሽ ላይ እህቴ እየሳቀች ገባች።

«እታለም፣ ጠዋት ጥዬሽ በረርኩ አይደል? ግን ይኸው፣ ፊትሽ እንኳ አርፏል! በይ ከየት እንቀጥል?»

ስፒሎቹን ከከንፈሬ አውጥቼ አፍንጫዬን አሳየኋት።

«ሂጂ፣ አትቀልጂ» አለችና መዳፏን ከአፍንጫዬ ሥር አደረገች። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። መዳፏን ግን አላነሳችም።

«ልቀቂ» አለችኝ በሹክሹክታ። «በሞቴ፣ ልቀቂ።»

አፌን ከፈትኩላት። ምንም አልወጣም።