ከኋላችን ያለው ጸጥታ

በየሳምንቱ ሐሙስ ሲመሻሽ እኔና ዙሁራ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው የሙዝ እርሻ ገብተን እንቁራሪቶች ሲጮኹ እያዳመጥን እንመዘግባለን። ደመወዝ የለንም፤ በጎ ፈቃደኞች ነን። የእንቁራሪቶቹን ጠባይ ግን ጠንቅቀን አውቀነዋል። ሰው ሲቀርባቸው ዝም ይላሉ፤ ካለፋቸው በኋላ መልሰው ይጮኻሉ። ሳትነቃነቅ ከቆምክም በሁለት ደቂቃ ይለምዱህና መልሰው ይጮኻሉ።

ዛሬ ጨርሰን በመስኖው ቦይ ዳር ስንመለስ፣ እንደ ልማዳቸው ስንቀርባቸው ዝም አሉ፣ ስናልፋቸው ጮኹ። ከዚያ ከኋላችን ያሉት እንደገና ዝም አሉ።

«አንተ ዳግም፣ ወላሂ ሰው እየመጣ ነው» አለችኝ ዙሁራ።

ባትሪ አበራሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ጸጥታው ግን ቦዩን ተከትሎ፣ በሰው እርምጃ ልክ እየቀረበን መጣ።

«በቃ ቁም፤ ይለፈን» ብላ እጄን ያዘችኝ።

ከመንገዱ ወጣ ብለን ቆምን። ከኋላችን ያሉት መልሰው ጮኹ። ከፊታችን ያሉት አንዴም አላቋረጡም። አጠገባችን ያሉት ብቻ ዝም እንዳሉ ናቸው።

«ሁለት ደቂቃው አልሞላም?» አለች በሹክሹክታ።

ስልኬን አየሁ።

«ከቆምን አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነን።»